የእንስሳት ሐኪሙ ባለቤቴና ውሃ የቋጠረችው መኪናችን

ባለቤቴ የእንስሳት ሐኪም ነው። በነቀምቴ ዙሪያ የታመመች ላም ካለች፣ ሆዷን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ ጆሮውን ጎኗ ላይ ደፍቶ፣ ሕመሟን ያገኘዋል ይባላል። እኔም ይህን አምኜ ነው ያገባሁት። እምነቴ የተፈተነው መኪና የገዛን ጊዜ ነው።

መኪናዋ አሮጌ ናት። ከኛ በፊት ስንት ሰው እንደነዳት አናውቅም። ግቢያችን ያስገባት ቀን ኮፈኑን ከፍቶ፣ «ስሚው ድምፁን፤ ኮርማ እኮ ነው!» አለኝ። ሞተሯስ እውነትም ኮርማ ነበር። በጋውን ሙሉ ጨለለቂ ሰፈር ካለው ቤታችን ወደ ሥራ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስታመላልሰን አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረችንም። የመዘምራን አባል ስለሆነ መዝሙር የሚሰማበት ድምፅ ማጉያ በሁለቱም የፊት በሮች ላይ በገዛ እጁ ገጠመላት። ከዚያ ክረምቱ ገባ። የወለጋ ክረምት ደግሞ ከሌላው አገር ቀድሞ የሚመጣ፣ ሰው ሁሉ ከሸኘው በኋላም ቁጭ የሚል እንግዳ ነው።

አንድ እሑድ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባራ። ለቤተ ክርስቲያን ለብሰን ወጣን። ዳገቱን ጨርሰን ቁልቁለቱን ስንይዝ፣ ከመቀመጫዬ ሥር ቀዝቃዛ ነገር ተንሸራቶ መጣና እግሬን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠው። ጮህኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«ውሃ!»

ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ «ጃንጥላሽ ነው» አለ።

«ጃንጥላ አልያዝኩም።»

«እንግዲያው ጫማሽ ይዞት ገብቶ ነው።»

«ጫማዬ ባልዲ ነው እንዴ?»

ድምፅ ማጉያውን ከፍ አደረገው።

ከዚያ ወዲህ ውሃው የቤተሰብ አባል ሆነ። የነቀምቴ መንገድ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። ሽቅብ ስንወጣ ውሃው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቁልቁል ስንወርድ ወደ እኔ ይመለሳል። ከኋላ የሚሳፈሩት የመዘምራን ጓደኞቹ ቶሎ ለመዱት። ዳገት ሲመጣ መዝሙራቸውን ሳያቋርጡ እግራቸውን ብድግ ያደርጋሉ፤ ቁልቁለት ሲመጣ ተራው የኔ ነው። ሽታው ደግሞ ዝናብ የመታው ውሻ ይመስል ነበር። እኔ ስነግረው፣ «የቆዳ ሽታ ነው፤ ጥሩ መኪና ቆዳ ቆዳ ይላል» አለኝ። መቀመጫዎቹ ግን ጨርቅ ናቸው።

በመጨረሻ ችግሩን አመነ። ያመነውም በራሱ በኩል ያለው ወለል መርጠብ ሲጀምር ነው።

መንገዱን ተሻግሮ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ጉራጌ ጎረቤታችን ጋ ሄዶ ሲሊኮን የሚባለውን የመስኮት ማሸጊያ ገዛ። በማግስቱም ገዛ። በሦስተኛው ቀን ባለሱቁ በአክብሮት፣ «ዶክተር፣ ፎቅ ጀመሩ እንዴ? መስኮቱ ብዙ ነው መሰለኝ» አለው። ባለቤቴ የፊት መስተዋቱን ዙሪያ ቀባ፤ የኋላውን ቀባ፤ ከመኪናዋ ሥር ተንጋልሎ ያገኘውን ቀዳዳ ሁሉ ደፈነ። የበሮቹን ታችኛ ጠርዝ እንኳ አልማረም። የኔ በር ጎማ ላይማ እንደ ቅቤ ነው የለቀለቀው። ሳይደርቅ ዘጋው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደርሰን በሩን ብገፋው፣ ብገፋው፣ ወይ ፍንክች! ሽማግሌዎቹ ቆመው ሰላም ሊሉን ሲጠብቁ፣ እኔ በነጠላና በረጅም ቀሚስ ማርሹን ተሻግሬ በሹፌሩ በር ወረድኩ። አንዱ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ሰማይ መለሱ። ይጸልዩ ይሳቁ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

በሩን በቢላዋ ፈልቅቆ ከፈተው። ውሃው ግን ከዚያ ሁሉ ሲሊኮን በኋላ መቀነሱ ቀርቶ ባሰበት።

በዚሁ መሀል እናቱ ከአርጆ መጡ። እኔ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ነኝ፤ ኦሮምኛን ያጠራሁት በገበያና በእሳቸው ነው። እንደ ሁሉም ሰው «አዮ»፣ እናቴ፣ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ሐኪም ቤት ስናመላልሳቸው የፊቱን መቀመጫ ለቀቅኩላቸው። አንድ ቀን ሐኪም ቤት ደጅ መኪናዋ ውስጥ ሆነን ባለቤቴን ስንጠብቅ፣ አዮ ጎንበስ ብለው የወለሉን ምንጣፍ ጫፍ ገለጥ አደረጉ። ከዚያ፣ «ኢንታላ ኮ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ በኦሮምኛ።

በቆሎ ነበር። ባለፈው ወር ከሳቸው ዘንድ ያመጣነው ጆንያ ቀዳዳ ኖሮት ከፈሰሰው ውስጥ፣ ጥቂት ፍሬ ምንጣፉ ሥር ተኝቶ፣ ሙቀትና ውሃ አግኝቶ፣ ነጭ ሥሩን ሰዶ አረንጓዴ ቅጠል አውጥቷል። አዮ ገበሬ ናቸውና ቡቃያውን በጣታቸው አነሳ አድርገው በሙያ መረመሩት።

ባለቤቴ መጥቶ በሩን ሲከፍት፣ እናቱ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ አርጆ ያለው መሬት አነሰህ እንዴ?» አሉት። በኦሮምኛ የበለጠ ያስቃል፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ጣዕሙ ይቀንሳል። «በል ዘንድሮ አረም እንዳይውጠው። ስትኮተኩት ጥራኝ።»

እሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እሱ ግን መሪውን ጨብጦ ወደ ቤት ነዳ። ጥርሱን ሲነክስ ሳየው አሳዘነኝም። ያቺን መኪና ሲገዛ እናቱን በደረቅ ወንበር አስቀምጦ ሐኪም ቤት መውሰድ ከሚመኛቸው ነገሮች አንዱ እንደነበር አውቃለሁ።

ቅዳሜ ሰማዩ ጠራ። ጠዋት ስነሳ ባለቤቴ መቀመጫዎቹን ሁሉ ፈትቶ በረንዳ ላይ ደርድሯቸዋል፤ ምንጣፉ አጥር ላይ ተሰቅሏል። አዮ ከመኪናዋ ወንበር በአንዱ ተደላድለው ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እስከ ዛሬ መድኃኒት ስሰጥ ነበር እንጂ አልመረመርኩም» አለኝ። ይህን ሲል የማውቀው ሐኪም ተመለሰ። «አንቺ ባትሪ ይዘሽ ውስጥ ግቢ። እኔ ከውጭ ውሃ አፈሳለሁ። ከታች ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ እወጣለሁ። ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ፤ ያሰብሽውን አትንገሪኝ።»

ባዶው ወለል ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ተቀመጥኩ። በሩ ተዘጋብኝ። እሱ ከውጭ ቱቦ ይዞ ያጠጣል፤ እኔ በመስተዋቱ ውስጥ አፉን አያለሁ እንጂ የሚለውን በደንብ አልሰማም።

«አየሽ?»

«እ?»

«ገባ ወይ?»

«ማን ገባ?»

ጎማው ጋ አፈሰሰ፤ ጋዜጣው ደረቅ ነው። ኮፈኑ ላይ አፈሰሰ፤ ደረቅ ነው። የፊት መስተዋቱን አጠጣው፤ አሁንም ደረቅ ነው፤ ሲሊኮኑ እዚያስ ሥራውን ሠርቷል። በኔ በኩል ያለውን የበር መስኮት ማጠብ ሲጀምር ግን፣ ከበሩ የውስጥ ልባስ ሥር አንዲት ቀጭን ውሃ እንደ እባብ ተስባ ወጥታ ጋዜጣው ላይ ወረደች።

«መጣ! መጣ! ከበሩ ነው!» ብዬ መስተዋቱን ደበደብኩ። ቱቦውን ጥሎ እየሮጠ ሲመጣ ፊቱ እንደ ሙሽራ ፊት በርቶ ነበር።

የበሩን የውስጥ ልባስ በካቻቢቴ ፈታው። ከልባሱ ኋላ፣ የበሩን ሆድ የሸፈነ ስስ ላስቲክ አለ። በመስኮቱ ጠርዝ የሚገባው ዝናብ በበሩ ሆድ ውስጥ ወርዶ ከታች ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል፤ ላስቲኩ ወደ ሰው እንዳያልፍ ይከለክለዋል። የኛ ላስቲክ ግን ድምፅ ማጉያው ከተገጠመበት ቦታ እስከ ታች ድረስ ተቀዷል። ተቀዷል ከማለት ተተርትሯል ማለት ይሻላል። ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ምንም ያልተንቀጠቀጠ ቁርጥ።

ባትሪውን አቅርቤ አየሁት። «ይህ የጋራዥ ሰው ሥራ አይደለም» አልኩ። «ይህ የቀዶ ጥገና እጅ ነው።»

ቁርጡን በጣቱ እየተከተለ እስከ ታች ዳሰሰው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ግን ቁርጡ ያምራል፤ አያምርም?» አለኝ።

«በጣም ያምራል፣ ዶክተር።»

«ለአዮ አትንገሪያቸው።»

አዮ ከበረንዳው፣ «ምን አላት? ምን ያዛት?» እያሉ ይጠይቃሉ። «ሆዷ ነው!» ብሎ ጮኾ መለሰላቸው።

ጎንበስ ብሎ የበሩን ታችኛ ጠርዝ ሲዳስስ ደግሞ ሁለተኛው ምሥጢር ወጣ። ውሃው የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ያን ሰሞን አንድ በአንድ በሲሊኮን ደፍኗቸዋል። ለካ ከዚያ በኋላ የባሰው ለዚህ ነበር፤ መውጫ ያጣው ውሃ ሁሉ ወደ እግራችን ነው የመጣው። ከሻንጣው ወፍራም መርፌ አመጣና ሲሊኮኑን ወጋው። ከበሩ በአንዴ ፏ ብሎ የቆየ ቡናማ ውሃ በጫማው፣ በሱሪው፣ በእጁ ላይ ተዘረገፈ። አልሸሸም። የተነፋች ላም ተንፍሳለት እንደሆነ ሁሉ የበሩን ጎን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ፣ «አይዞሽ፤ አይዞሽ» ይላታል። ለእኔ ምጥ በያዘኝ ጊዜ እንኳ እንዲህ ያለ ለስላሳ ድምፅ አላወጣም።

ሌላኛው በርም ያው ሆኖ ተገኘ። ወፍራም ላስቲክ ቆርጠን፣ እኔ ወጥሬ እየያዝኩለት እሱ በማጣበቂያ ዙሪያውን ለጥፎ፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ አጽድቶ ከፈታቸው። መቀመጫዎቹን ለመመለስ አዮ እስኪነሱ መጠበቅ ነበረብን፤ ተመችቷቸው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

በሳምንቱ አዮን ወደ አርጆ ስንመልሳቸው፣ መንገድ ላይ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ወረደብን። ሦስታችንም እያዳመጥን ነበር። ባለቤቴ ዳር ይዞ ቆመና እጁን ዘርግቶ እናቱ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ዳሰሰ። ከዚያ እሳቸው ዳሰሱ። ከኋላ ሆኜ እኔም ዳሰስኩ። አዮ፣ «ጎጌራ» አሉ፤ ደርቋል ማለት ነው፤ የልጃቸውንም ጭንቅላት እንደ ሕፃን አሻሹት።

ወሬው በከተማው ተሰማ። አሁን ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያሉ የሥራ ባልደረቦቹ ሳይቀሩ፣ መኪናቸው ውሃ ካስገባ ለሱ ነው የሚደውሉት። ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ደውሎለት ቱቦውን ጠቅልሎ፣ ባትሪውን ይዞ ሲወጣ፣ «ምሳስ?» አልኩት። «በሽተኛ እየጠበቀችኝ!» ብሎኝ ሄደ።