ጥያቄውን የጻፈው ማነው

ፖሊሶቹ ሲመጡ የአንዲት ሴትዮ እግር ላይ ያለ ቁስል እያጠብኩ ነበር። ሁለት ናቸው። ቁስሉን ጠቅልዬ እስክጨርስ እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው፤ ታገሡኝ። ፋሻውን ሦስት ጊዜ አስሬ ፈታሁት። ሴትዮዋ እጄን ብቻ ታያለች።

የሰቆጣው እስር ቤት ድሮ እህል ይከማችበት የነበረ የድንጋይ ክፍል ነው። በሩ ዝቅ ስለሚል ጎንበስ ብለህ ነው የምትገባው። የፍየል ቆዳና የሽንት ሽታ አለው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አየሁ። የእኛው አውራጃ የዝቋላው ሽማግሌ ናቸው። ያን ወረቀት ማን እንደጻፈው በአውራጃው ውስጥ የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ ሁለታችንንም አንድ ክፍል አገናኝተውናል።

የወረቀቱ ነገር እንዲህ ነው። ዝናቡ በቀረበት ዓመት የአውራጃችን የምክር ቤት እንደራሴ በበቅሎ መጥተው ምን እንደጎደለን ጠየቁ። ሰው ሁሉ ፈርቶ "እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነን" አላቸው። እኚህ ሽማግሌ ግን ከዝቋላ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው መጥተው፣ እኔ ከምሠራበት ክሊኒክ ጓሮ ቁጭ ብለው ያዩትን አንድ በአንድ ነገሩኝ። አፋቸውን የፈቱት በኽምጥኛ ስለሆነ አማርኛውን እየመረጡ ነው የሚናገሩት። እኔ ያሉትን ወደ ጥያቄ ለውጬ ጻፍኩት። ክሊኒኩ መድኃኒት ከተላከለት ስንት ጊዜው ነው? ሽፍታ የገበያውን መንገድ ሲዘጋ ፖሊሱ የት ነው? ዝቋላ ላይ ማሽላው ከደረቀ ወዲህ ሰው መሞቱን የሰማ መሥሪያ ቤት አለ ወይ?

ሰው ሳያይ ወረቀቱን ስሰጣቸው እንደራሴው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እዚያው ይቀራል ብዬ ነበር፤ ተሳሳትኩ። ምክር ቤት ቆመው፣ ሚኒስትሮቹ ፊት ለፊት አነበቡት። በኋላ እንደሰማሁት ከሚኒስትሮቹ አንዱ አገሩ ሰላም ነው፣ ሕዝቡም ጠግቦ ያድራል፣ ይህ የመንግሥትን ጸጥታ ለማወክ የተጻፈ ነው ብለው መለሱ። ከዚያ በተራቸው ጠየቁ፤ ማን ጻፈው? እንደራሴው ስም አልሰጡም። ጥያቄው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ እኛ ወረደ። መድኃኒቱ ዓመት ሙሉ ያልመጣበትን መንገድ እሱ በሳምንቱ ጨረሰው።

ሰቆጣ ሲደርስ አውጫጭኝ ሆነ። የከተማውና የዙሪያው ሰው ከጣቢያው በታች ያለው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ጻፊው ካልተገኘ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ታዘዘ። አውጫጭኝ ለከብት ሌባና ለነፍሰ ገዳይ ነበር። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል፤ እነሱም የነገራቸውን ሳያጋልጡ "ወፍ ነገረችን" ይላሉ። እኔ ለበሽተኞች ተብሎ ክሊኒኩ እንድቆይ ተፈቅዶልኝ ነበር፤ የተያዝኩት በሦስተኛው ቀን ነው። የመድኃኒቱ ጥያቄ እኔን አስጠረጠረኝ፤ ሽማግሌውን ደግሞ እንደራሴው በመጡ ሰሞን ከተማ መታየታቸው። ወፏ ግን ትንፍሽ አላለችም። ፀሐይ ላይ የዋሉት ሕፃናት ለቅሶ በጠባቧ መስኮት ይገባል።

ሽማግሌው ዘበኛው እስኪርቅ ጠብቀው "ሐኪም" አሉኝ። ቁስል የማጥብ ድሬሰር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ አገሩ ግን እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ።

"አቤት አባቴ።"

"ዛሬ ቄሱ ሊመጡ ነው። እያወቀ የሚደብቀውን ሊገዝቱ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ዱላ እችላለሁ። ግዝት አልችልም። ቀድመህ እወቀው ብዬ ነው።"

"ልጆች አሉኝ፤ ገና ጨቅሎች ናቸው" አልኳቸው።

"እኔም የምትጠየቅ ነፍስ አለችኝ" አሉ፣ ረጋ ብለው።

ጠላኋቸው። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፤ ቄሱ ከመድረሳቸው በፊት ሽማግሌው ቢሞቱልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ረፋዱ ላይ ወሰዷቸው። የዱላው ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ይሰማል። ጆሮዬን በሁለት እጄ ያዝኩ። የፈራሁት ለጀርባቸው አልነበረም፣ አፋቸውን ነበር የፈራሁት። የሰው ሕመም እየሰማ እንጀራውን የሚበላ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ከራሴ በቀር ማንንም አልሰማሁም። መልሰው ሲያስገቧቸው በሁለት ሰው ተደግፈው ነበር።

"አልተናገርኩም" አሉ፣ ገና ሳልጠይቃቸው።

የሸሚዜን ጫፍ ቀድጄ፣ ለመጠጥ በተሰጠን ውኃ ጀርባቸውን ጠረግኩላቸው። አላቃሰቱም። ከንፈራቸው ግን በኽምጥኛ አንድ ነገር ደጋግሞ ይላል። ምን እያሉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ቄሱን መንገድ ላይ አቆይልኝ እያልኩ ነው።"

ያኔ ገባኝ። ለነፍሳቸው ብቻ የፈሩ መስሎኝ ነበር። በአፋቸው እኔን አሳልፈው የሚሰጡበትን ሰዓት ነበር የፈሩት፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ፈርተዋል። ጨርቁን እንደገና ውኃ ነክሬ ጀርባቸው ላይ አደረግኩላቸው።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተ። "አንተ ሽማግሌ፣ ውጣ። ቄሱ መጥተዋል" አለ ዘበኛው።

"እኔ ልቅደም" አልኩ።

"አንተን ማን ጠራህ?"

"ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ግድግዳውን ይዤ ነው የተናገርኩት። ሽማግሌው መሬቱን በእጃቸው ተመርኩዘው፣ በዚያ ጀርባቸው፣ ተነሡልኝ። "ኧረ በእግዜር ይቀመጡ" አልኳቸው። አልተቀመጡም። ታናሽ ለታላቅ ሲነሣ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ አባቴ የሚሆን ሰው ሲነሣልኝ የት እንደምገባ ጠፋኝ። ጎንበስ ብዬ ወጣሁ።

ውጭ የጠበቀኝ የፖሊስ አዛዥ እኔን ለመመርመር ብዙ አልደከመም።

"የዝቋላውን ወሬ ማን ነገረህ?"

"ማንም። ከዝቋላ የሚመጣውን በሽተኛ አያለሁ።"

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ፈንጠር ብለው ቆመዋል። ግዝቱ ገና ከአፋቸው አልወጣም ነበርና ውሸቴ አለፈችልኝ። እሳቸውም መሬት መሬቱን ነበር የሚያዩት። ትንሽ ቆይቶ ሕዝቡ ከሜዳው ሲነሣ፣ ሰው ልጁንና አህያውን ሲጠራ ሰማሁ። ሽማግሌው ከሰዉ ጋር ተለቀቁ። እኔ ደሴ ወህኒ ቤት ሁለት ክረምት ከረምኩ። ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም። እንደራሴውም በሚቀጥለው ምርጫ አልተመለሱም።

ዛሬ ጀግና ነህ የሚሉኝ አሉ። ጀግንነት አልነበረም፤ ለቀናት የፈራሁትን ነገር መጠበቁ ሰልችቶኝ፣ የእኚያን ሰው ፍርሃት ደግሞ ማየት አቅቶኝ ነው።

የምክር ቤት አባላት ሚኒስትር ሲጠይቁ በራዲዮ ሲተላለፍ ልጆቼ መልሱን ለመስማት ድምፁን ከፍ ያደርጋሉ። እኔ ጥያቄው ላይ እቀራለሁ። የአንድ ወረዳ ስም ተጠርቶ መድኃኒት የለም፣ መንገዱ ሰላም አይደለም ሲባል፣ ይህን የነገራቸው ሰው ዛሬ ቤቱ ያድር ይሆን እላለሁ።