እንዝርቷ ስትዞር

እኔ ፈሪ ነኝ። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፣ አለቃዬ ሲያስጠራኝ እጄ ይቀዘቅዛል፣ መብረቅ ሲመጣማ አልጋ ስር መግባት ብቻ ነው የሚቀረኝ። ባለቤቴ በዚህ ሲስቅብኝ ነው የኖረው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ግን እሱም መሳቁን ተወ። ከተማው በሙሉ እንደኔ ሆነና ፈሪነቴ ተራ ነገር ሆኖ አረፈው።

የምንኖረው ጅማ፣ በቾ ቦሬ ነው። ቤታችን የቀበሌ ቤት ነው፤ አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የጎረቤታችን ነው። የሚለየን ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ጣሪያው የጋራ ነው። ጎረቤታችን ሲያስነጥሱ "ይማርዎ" እላለሁ፣ እሳቸውም ከወዲያ "ያኑርሽ" ይሉኛል።

እኚህ ሰው ከአሰንዳቦ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ቡና መጋዘን ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከመጨረሻ ልጃቸው ጋር ነበር የሚኖሩት። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው አልጠፋኝም። ግን የአንድ ለአምስት ሰብሳቢያችን ነበሩ። ማን ቤት ማን እንደገባ፣ ማን ምን እንዳወራ ለቀበሌ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው ይባል ነበር። ያድርሱ አያድርሱ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን በቤቴ ሽንኩርት ስከትፍ እንኳ ድምፄን ቀንሼ ነበር የማወራው።

ያን ጊዜ ልጃችን ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ነበር። የጎረቤታችን ልጅም እዚያው ደርሷት፣ ሁለቱን በአንድ አውቶብስ ነው የሸኘናቸው። ከዚያ ግቢው ውስጥ ረብሻ ተነሳ ተባለ። የሁለቱም ሞባይል ተዘጋ። ወታደር ገባ፣ የተማሪ ስልክ ተሰበሰበ፣ የተጎዳ አለ የሚል ወሬ መጣ። የአገር ውስጡ ቴሌቪዥን ሁሉም ሰላም ነው ይላል፤ የመማር ማስተማሩ ሂደት ቀጥሏል ይላል። ልጄ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚነግረኝ አንድም ሰው አልነበረም።

የሚናገረው ውጭ ያለው ጣቢያ ነው፤ እሱን ማየት ደግሞ ተከልክሏል። ዲሽ አውርዱ ሲባል የሰፈሩ ሰው ሁሉ አወረደ። ጎረቤታችን ሰብሳቢ ናቸውና ቀድመው፣ ሰው እያየ፣ በገዛ እጃቸው ነው ያወረዱት። እኛም አወረድንና በርበሬ አሰጣሁበት።

የቀረን ኢንተርኔት ነበር። የሞባይሉ ተቋርጧል፤ ከቤት ስልክ ጋር የሚመጣው መስመር ግን ይሠራል። ባለቤቴ መምህር ነው፤ ለሥራው ብሎ ነበር ያስገባው። ጣቢያው የታገደ ስለሆነ በጓሮ በር የሚያስገባ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ጫነ፤ ላፕቶፑን በኬብል ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። መጋረጃ ዘጋን። ድምፁን ሊጠፋ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ቀነስነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ዜናው ጀመረ፤ አንባቢው የልጄን ዩኒቨርሲቲ ስም ጠራና ቆመ። አፉን እንደከፈተ ቀረ። መሃል ላይ ያቺ ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ባለቤቴ "እንዝርቷ መጣች" አለ።

ከዚያ ወዲህ ኑሯችን ከእንዝርቷ ጋር ሆነ። ሁለት ቃል እንሰማለን፣ ትዞራለች። "የቆሰሉት ተማሪዎች ቁጥር…" ይልና ትዞራለች። በጥርሴ ብይዛት ደስ ይለኝ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ማታ ደግሞ መጣ። ምስሉ ቆሞ፣ የጣቢያው ምልክት ከጥግ ላይ እንደበራ፣ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቴ ላፕቶፑን ይጫናል፣ ላፕቶፑ እንቢ አለ። ነጠላዬን አውልቄ ቴሌቪዥኑ ላይ ወረወርኩና በሩን ከፈትኩ። ጎረቤታችን ናቸው። ስለ ነገ ስብሰባ ሊነግሩን ነው የመጡት። ከነጠላው ስር ብርሃን ይወጣል። እሳቸው አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ ቴሌቪዥኑ በረደው እንዴ?" አሉ።

"አቧራ እንዳይገባበት ነው ጋሼ" አልኩ።

"ደግ አደረግሽ" ብለው ሄዱ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ "የጠላት ወሬ አትስሙ፤ ልጆቻችን ሰላም ናቸው" ሲሉ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። እኔ ይህን ለእኔ የተባለ ማስጠንቀቂያ አድርጌ ወሰድኩት።

ባለቤቴ ግን ችግሩን ካልፈታሁ ብሎ ተነሳ። መጀመሪያ ጥፋቱ የእኔ ሆነ፤ ሞደሙ ላይ ዳንቴል አልብሼው ነበር። "ትፋጃለች እኮ፣ እሷም ትተንፍስ" ብሎ ገፈፈው። እውነትም ግሎ ነበር። ቀጥሎ ዋይፋዩን ትቶ ላፕቶፑን በገመድ ከሞደሙ ጋር አሰረ። የምስሉን ጥራት አወረደ፤ የአንባቢው ፊት የተፈጨ ሽሮ መሰለ፣ ቢሆንም ለጥቂት ጊዜ ሄደልን። ፖሉ ላይ የዛገውን የሽቦ መጋጠሚያ ጠርጎ በፕላስተር ጠቀለለ። ዝናቡ ሲመጣ ያው ሆነ።

የስልኩ ነገርም ነበር። በስልኩና በመስመሩ መካከል የምትገባ ትንሽ ነጭ ፊልተር ነበረችን፤ ክረምቱ ላይ መብረቅ አቃጠላት። ከዚያ ወዲህ የቤት ስልኩ በጠራ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይበጠሳል። አንድ ማታ ዜናው መሃል ላይ ስልኩ ጠራ፣ ምስሉ ቆመ፣ ሮጬ እስክደርስ ጥሪው ተቋረጠ። ባለቤቴ ተናደደ። "አሁን በዚህ ማን ይደውላል? ሁሉ ሞባይል አለው" ብሎ ስልኩን ነቀለና ሽቦውን ጠምጥሞበት ቡፌው ላይ ሰቀለው። እኔም ደግ አደረግህ አልኩት።

ተሻሻለ። ግን እንዝርቷ አልጠፋችም።

አንድ ማታ እንደልማዷ መጣች። አንባቢው አፉን ከፍቶ ቆመ። ድምፁ ግን ቀጠለ።

"አጥፋው!" አልኩ፤ ወደ ውጭ የወጣ መሰለኝ።

"ቆሟል እኮ። ድምፁንም ዘግቼዋለሁ።"

"ታዲያ ማነው የሚያወራው?"

ሁለታችንም ቀና ብለን ኮርኒሱን አየን። ያው አንባቢ፣ ያው ዜና፣ በሹክሹክታ፣ በግድግዳው አናት በኩል ከጎረቤታችን ቤት ይመጣ ነበር። እኛ ጋ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር እዚያ ጨረሰው።

እንዲያ ያለ ፍርሃት ፈርቼ አላውቅም። ባለቤቴ በጆሮዬ አስረዳኝ፤ ዲሻቸው ወርዷል፣ የሞባይል ኢንተርኔት የለም፣ ስለዚህ በእኛ ዋይፋይ ነው የሚያዩት። በእኛ ፓስዎርድ። ፓስዎርዱ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ትዝ አለን። የቤታችን ስልክ ቁጥር ነበር።

ያን ቁጥር የማያውቅ ሰፈርተኛ የለም። መንግሥት በተለወጠ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሰፈሩ ስልክ የነበረን እኛ ብቻ ነበርን። ከጅዳ ቢደወል፣ ከአጋሮ ቢደወል፣ ወደ እኛ ነው፤ እኔ በአጥሩ ላይ "ስልክ!" እያልኩ እጣራ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ቢጠፉ እንዲናገሩት ቁጥሩን እንደ መዝሙር አስጠንተናቸዋል። ይህን የመሰለ ቁጥር ፓስዎርድ ማድረግ ቤትን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ መተው ነው።

"ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ" አለ ባለቤቴ።

"አትነካውም!" አልኩት። ብንቀይረው እንዳወቅንባቸው ይገባቸዋል፤ እኛም ምን እንደምናይ ያውቃሉ። ባንቀይረው ደግሞ መስመሩ በባለቤቴ ስም ነው፤ እሳቸው ያዩት ሁሉ በእሱ ይቆጠራል። ምናልባትም ሆን ብለው ነው፣ ወጥመድ ነው አልኩ። ባለቤቴ "አንቺ ደግሞ" አለኝ፣ ግን አልቀየረውም። ስለዚህ ሁለት ቤት በአንድ ቀጭን መስመር እየተሻማን፣ አንዳችን ስናይ ሌላው እየቆመበት ቀጠልን። ዜናው ሲቆምብኝ ጥርሴን ነክሼ ዝም እላለሁ። ሲቆምባቸውም ዝም ይላሉ።

ከዚያ ጣቢያው ከግቢው ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ በማግስቱ እንደሚያሳይ ተናገረ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ምን እንደሠራሁ አላውቅም። ማታ ተቀመጥን። አንባቢው "አሁን የምታዩት…" አለ፤ እንዝርቷ መጣች። በግድግዳው በኩልም ድምፁ ተቆረጠ። ዞረች፣ ዞረች። ከወዲያ "ያ ረቢ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የእግር ኮቴ፣ ቀጥሎ በሩ።

ነጠላዬን ፈለግሁ፣ አላገኘሁትም። ባለቤቴ ከፈተ።

ጎረቤታችን በባዶ እግራቸው ቆመዋል፤ ሞባይላቸውን ይዘዋል፣ ጠፍቷል። ቴሌቪዥኑን አላዩትም፤ ፊታቸውን አዙረው ነበር የሚያወሩት።

"መምህር፣ ማሎ፣ እባክህ፣ መስመሩ ለሁለት አይበቃም። የእኔን ዘግቼዋለሁ። እናንተ እዩ። የእኔንም ልጅ እዩልኝ።"

ባለቤቴ "ይግቡ እንጂ ጋሼ" አላቸው።

"አልገባም። ወላሂ ዓይኔ አይችልም። ሰው ከመጣም እኔ ልገኝ" ብለው ደፋችን ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ በር አድርገው ተቀመጡ። ያን ያህል ጊዜ የፈራኋቸው ሰው የእኔን በር እየጠበቁ ነበር። ትከሻቸው ይርገፈገፍ ነበር።

ምስሉ ሄደ። አንዴም ሳይቆም ሄደ። ተማሪዎች እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው በሰልፍ ከግቢው ይወጣሉ። ቀረጻው ይንቀጠቀጣል፣ ፊት አይለይም። ወንድ፣ ወንድ፣ ሴት። ከዚያ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ልጅ መጣች፤ አካሄዷን አወቅሁት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። ትከሻዋ ላይ ጃኬት አለ። ክርኑ ላይ ቡናማ ጨርቅ የተጣፈበት። ያን ጨርቅ የጣፍኩት እኔ ነኝ። የልጄ ጃኬት ነው።

"አቁመው! አቁመው!" ብዬ ጮህኩ። ያን ሁሉ ቀን አትቁም እያልን የለመንነው ምስል አሁን አልቆምም አለ። አለፈች። ከኋላዋ ወንዶች መጡ፤ የእኔ የለበትም። ሌላ ዜና ተጀመረ።

"አየኋት ጋሼ" አልኩ። "በእግሯ ትሄዳለች። ደህና ናት።"

"አልሃምዱሊላህ" አሉና ግንባራቸውን ጉልበታቸው ላይ ደፉ። ቆይተው "ያንቺስ?" አሉኝ።

"ጃኬቱን አየሁ" አልኩ። ለምን ለሷ ሰጣት? ብርድ ነው? ወይስ እሱ አያስፈልገውም?

እሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው ወደ ቤቱ ተመለከቱ። "ሞባይላቸው ተወስዷል" አሉ እያሰቡ። "የኔዋ በቃሏ የምታውቀው የእናንተን የቤት ስልክ ብቻ ነው። ሕፃን ሆና ያስጠናሻት አንቺ ነሽ። ዕድል ካገኙ የሚደውሉት በሱ ነው እኮ። አልጠራም?"

እኔና ባለቤቴ ቡፌውን አየን። ስልኩ ሽቦው እንደተጠመጠመበት እዚያ ተቀምጧል። ያ ማታ ጠርቶ የተቋረጠው ጥሪ ትዝ አለኝ። ባለቤቴ ሽቦውን ፈትቶ ሰካው። ስልኩ ዜናውን ያቋርጥብናል ያለ የለም። ማንም ስለ ዜና አላሰበም።

ያን ማታ ስልኩ አልጠራም። በማግስቱ ከቢሮ ቀረሁ፤ ጎረቤታችንም መጥተው ከቡፌው ሥር ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑን የዘጋው የለም፤ ድምፅ አልባ ሆኖ ሲሄድ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ምስሉ በድንገት ቆመ። እንዝርቷ መዞር ጀመረች፤ በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጮኸ።

አነሳሁት። ልጄ ነው። ሰላም ሳይለኝ እያለቀሰ ነበር።

"እማዬ! እናንተ አላችሁ እንዴ? ይኸው ስንት ቀን ስደውል ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። የተወሰዳችሁ መስሎኝ ነበር።"