ወላጅ አምጪ የተባለችው ተማሪ

ምዝገባ ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ቀና ሳይል «የልጅሽ ስም?» አላት።

«ኡምኩልሱም ያሲን።»

«ያንቺስ?»

«እሱ ነው የኔ ስም። የምመዘገበው እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ቀና አለ። ፊት ለፊቱ የቆመችው መለሎ ሴት ገጿ ላይ ቀልድ የሚባል ነገር የለም። ከቦርሳዋ ሁለት ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። አንዱ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ያለፈችበት፣ ጠርዙ የተበላ ካርድ ነው፤ ሌላው ፓስፖርቷ። ጸሐፊው ፓስፖርቱን ገለጠና «በዚህ ከሄድን አርባ አንድ ዓመትሽ ነው» አላት።

«ደላላው ስምንት ዓመት ጨምሮበት ነው፤ ዓረብ አገር ለመግባት። ሠላሳ ሦስት ነኝ።»

«ቢሆንም የማታ አለልሽ እኮ። እንዳንቺ ያሉ ሰዎች የሚማሩት ማታ ነው።»

«የማታውን ጠይቄያለሁ። አስተማሪው በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ ካለ አልሐምዱሊላህ ነው አሉኝ። እኔ ቀን ነው የምማረው። የሚከለክል ደንብ ካለ አውጣና አሳየኝ።»

ጸሐፊው መሳቢያውን ከፈተ፣ ፋይል አገላበጠ፣ ጎረቤት ቢሮ ሄዶ ጠየቀ። የሚከለክል ደንብ አላገኘም። ኡምኩልሱም በዚያው መስከረም መካነ ሰላም ውስጥ ካሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ዘጠነኛ ለ ገባች።

የተወለደችው ከከተማው ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ የሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ ርቃ በምትገኝ መንደር ነው። ታናሽ ወንድሟን ሁዜይፋን ስትጠብቅ ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ ስለነበር ሁለቱም እኩል ስምንተኛ ክፍል ደረሱ። እሷ አንደኛ ስትወጣ እሱ አራተኛ ወጣ። ሚኒስትሪውንም ሁለቱም አለፉ። አባታቸው ያሲን የሞተው በዚያው ክረምት ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ለመማር መካነ ሰላም ገብቶ ቤት መከራየት ግድ ነው፤ በየሳምንቱም ስንቅ ያስፈልጋል። እናታቸው ሐረግ ሁለት ልጅ ማስተማር አትችልም። ዘመድ ተሰብስቦ መከረ፤ ወንዱ ይማር ተባለ። ኡምኩልሱም በአሥራ ስድስት ዓመቷ ጅዳ ወረደች።

አሥራ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ጠረገች፣ የሰው ልጅ አሳደገች። ሁዜይፋ በእሷ ላብ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የሒሳብ አስተማሪ ሆነ። እናቷንም ከመንደር አውጥታ መካነ ሰላም ላይ ቤት ሠራችላት። ተመልሳ ስትመጣ አገሩ ሁሉ ሱቅ ትከፍታለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ዩኒፎርም ተለካች።

ሁዜይፋ ወሬውን የሰማው ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ ነው። በቀጥታ እናቱ ቤት መጣ።

«ኡሙ፣ የምሰማው እውነት ነው? እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት? ሰው ምን ይላል?»

«የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ ሰው ምን አለ?» አለችው። «ያኔ ዝም ያለ ሰው አሁንም ዝም ይበል።»

«ከልጆች ጋር ቁጭ ብለሽ? እኔ አስተማሪ ነኝ እኮ፤ ይስቁብኛል።»

«ከሳቁ ይሳቁ። ካፈርክብኝ አታውቀኝም፤ ግድ የለኝም። ክፍል ውስጥ ቲቸር እልሃለሁ፤ እንደማንም ተማሪ እታዘዛለሁ። ትምህርቱን ግን አልተውም፣ ወላሂ።»

ክፍል ሲደለደል የዘጠነኛ ለ ሒሳብ ለሁዜይፋ ደረሰ። ጸሐፊው አዝኖላት ሌላ ክፍል ላዛውርሽ ቢላት እምቢ አለች።

ልጆቹ መጀመሪያ «ማዘር» እያሉ አሾፉባት። ሳምንትም ሳይሞላ ሽሙጡ ሰለቻቸውና እቴ ኡሙ ትባል ጀመር። ትምህርቱ ግን አልቀለላትም። የስምንተኛ ክፍሉ ሒሳብ ከጭንቅላቷ ተኖ አልቋል። በትንሹ ተጀምሮ ሰሌዳውን የሚሞላው ቀመር ያስጨንቃታል፤ ሁዜይፋ ሲያብራራም ይፈጥንባታል። ጠየቀችው፤ ደገመላት፤ እንደገና ጠየቀችው። ዓይኑን ከእሷ እያሸሸ መለሰላት።

ከጎኗ የምትቀመጠው የሻለም የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። አገሯ ወደ አባይ በረሃ መውረጃ ላይ ነው፤ በእግር አራት ሰዓት ያስኬዳል። ከሁለት ልጆች ጋር መስኮት የሌለው ክፍል ተከራይታለች። አከራይዋ ልብስ ታሳጥባታለች፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ ታስቀዳታለች። አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አንገቷ ይወድቃል። ኡምኩልሱም መጀመሪያ በክርኗ ትቀሰቅሳት ነበር። ኋላ ተወቻት፤ ደብተሯን ስባ ማስታወሻውን ትጽፍላት ጀመር።

ልጅቱ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ስንቅ ልታመጣ አገሯ ትሄዳለች። ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ነው። እሑድ ስንቁ ተጋግሮ እስኪያልቅ ከሰዓት ይሆናል፤ ያኔ ብትነሳ ለብቻዋ በረሃ መሐል ይመሽባታል። ስለዚህ የምትነሳው ሰኞ ማለዳ፣ ወደ ከተማ ከሚወጡ ሰዎች ጋር ተቀላቅላ ነው። ሁዜይፋ ደግሞ ሁልጊዜ ሰኞ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከአሥር የሚታረም ቴስት ይሰጣል። ኡምኩልሱም በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሰኞ ሰኞ የሚቀሩትን ልጆች ስም መጻፍ ያዘች፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የመጣበትን አገር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስሞቹ አሥራ አንድ ሆኑ።

በአራተኛው ሰኞ የሻለም የገባችው ወረቀት ሲሰበሰብ ነው። ስንቋን በጀርባዋ እንደተሸከመች፣ ፕላስቲክ ጫማዋ ጭቃ እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመች።

«ዜሮ» አላት ሁዜይፋ። «ውጪ። ትምህርት ግድ የማይሰጠው ሰው እዚህ ቦታ የለውም።»

ኡምኩልሱም ተነሳች። «ቲቸር፣ ጥያቄ አለኝ።»

«ስለ ሒሳብ ከሆነ።»

«ስለ ሒሳብ ነው። ሰኞ ሰኞ የሚቀሩት አሥራ አንድ ልጆች ናቸው። አሥራ አንዱም ከገጠር ነው የሚመጡት፤ ከከተማ አንድም የለበትም። ስንፍና አገር እየመረጠ ነው እንዴ የሚይዘው?»

ክፍሉ ሳቀ። የሁዜይፋ ጆሮ ቀላ። «ተቀመጪ!»

«ቴስቱን ረቡዕ ቢያደርጉት ምን ይጎድልብዎታል?»

«ተቀመጪ ብያለሁ!»

«አልቀመጥም። እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ» አለችና ደብተሯን ይዛ ወጣች።

ርዕሰ መምህሩ አቶ መለሰ የደንብ ሰው ነው። ተማሪ መምህሩን ከደፈረ ምን እንደሚደረግ ተጽፏል፤ የተጻፈውን ነገራት። «ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ።» በር ላይ ጆሯቸውን የጣሉት ልጆች በሳቅ ፈረሱ፤ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ወላጅ አምጪ ተባለች። ኡምኩልሱም አልሳቀችም። «እሺ፣ ነገ ጠዋት ይዣት እመጣለሁ» አለች።

ሐረግ በማግስቱ ከዘራዋን ይዛ መጣች። አቶ መለሰ ከመቀመጫው ተነስቶ ወንበር ሳበላት። በአንድ በኩል ሁዜይፋ፣ በሌላው ኡምኩልሱም ቆመዋል።

«እማማ፣ ያስጠራንዎት ልጅዎ መምህሯን ተማሪ ፊት ስላዋረደች ነው» አላት።

«መምህሩስ የማን ልጅ ነው?»

አቶ መለሰ ሁዜይፋን አየት አደረገ። «እሱም የእርስዎ ነው።»

«እንግዲያው የሁለቱንም እናት ነው የጠራኸው፤ ሁለቱንም ልናገር። ጥፋተኛ ከፈለግህ እኔ ነኝ፣ ልጄ። ሁለቱ እኩል ሚኒስትሪ ያለፉ ጊዜ ከመሐላቸው መረጥኩ። እሷ ትበልጠው ነበር። አንደኛ ትወጣ እንደነበር አሳምሬ አውቃለሁ። እያወቅሁ እሱን መረጥኩ፤ ወንድ ስለሆነ። ዘመድ ነው ያለው እያልኩ ኖርኩ እንጂ የመጨረሻውን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

ኡምኩልሱም ይህን ከእናቷ አፍ ሰምታ አታውቅም።

ሐረግ ወደ ልጇ ዞረች። «አንተ ደግሞ። እዚህ ከተማ አራት ዓመት ስትማር ሰኞ ጠዋት አርፍደህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ እማዬ።»

«ለምን አላረፈድክም?»

ሐረግ መልሱን አልጠበቀችም።

«ጎበዝ ስለሆንክ ይመስልሃል። እሑድ እሑድ ስንቅህን በጀርባዬ ተሸክሜ ሦስት ሰዓት የምመጣው እኔ ነበርኩ። ጀርባዬን ያጎበጠው እሱ ነው፤ አልጸጸትም። አንተ በእኔ እግር ሄደህ፣ በእሷ እጅ በልተህ ተማርክ። ያቺ ልጅ የሚሸከምላት ማን አላት? አንተ ነህ ግድ የላትም የምትላት?»

አቶ መለሰ እስክሪብቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። በመጨረሻ ደንቡ እንደሚያዘው ኡምኩልሱም ክፍል በመረበሽ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ተቀበለችው። ከፊርማዋ ሥር ግን «የጠየቅሁትን አላነሳም» ብላ ጻፈችበት። ሁዜይፋ ለማንም ሳይናገር ወጣ።

ሁለት ሳምንት ምንም ነገር አልተለወጠም። ሁዜይፋ እናቱ ቤትም አልመጣም። በሦስተኛው ሰኞ ሰሌዳው ላይ «ቴስት ረቡዕ» ብሎ ጻፈና ምክንያት ሳይናገር ትምህርቱን ቀጠለ። የሻለም በዚያ ረቡዕ ከአሥር ስድስት አገኘች። እንቅልፏ ግን አልቀረም፤ የአከራይዋ ውሃ እንዳለ ነው። ኡምኩልሱም እኛ ቤት ግቢ ብትላት እናቴን ሳላስፈቅድ አልችልም አለች፤ የገባችው ከአንድ ወር በኋላ ነው።

የመንፈቁ ውጤት ሲሰጥ ኡምኩልሱም ሒሳብ አርባ አራት አመጣች። ወድቃለች። ካርዱን የሰጣት ሁዜይፋ ራሱ ነው። ልጆቹ እስኪወጡ ጠበቀና በስንት ጊዜው አናገራት።

«ኡሙ፣ ቅዳሜና እሑድ እየመጣሁ ላስጠናሽ?»

«እኔን ብቻ ከሆነ ይቅር።»

«እሺ፣ ሌሎቹም ይምጡ።»

«ቅዳሜና እሑድ የገጠር ልጅ ስንቅ ፍለጋ መንገድ ላይ ነው። ሐሙስ ከትምህርት በኋላ አድርገው።»

«አንቺ ደግሞ በሁሉም ነገር ላይ ተቃውሞ አለሽ!»

«አዎ፣ በሁሉም ላይ» አለችው። «ሁሉም ለከተማ ልጅ ነው የተሰፋው፤ የቱን ልተወው?»

ሁዜይፋ ትክ ብሎ አያት። ሳቅ መጣበት፤ ሊያፍነው ሞክሮ አቃተው። በመጀመሪያው ሐሙስ ሰባት ልጆች መጡ፤ በሁለተኛው አሥራ ሦስት። ኡምኩልሱም ከፊተኛው ወንበር ተቀምጣ፣ ያልገባት ቦታ በደረሰ ቁጥር እጇን እያወጣች ታስቆመዋለች።