በሶብላና አሥራ አንድ ፊት

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጭኗ ላይ እርጥብ የበሶብላ እስር ይዛ ነበር። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ሽታው ይነሳል። እንደ ሁልጊዜዬ መጀመሪያ ልቤ ድንግጥ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። ሴትየዋ በእሷ የሳቅኩ መስሏት ነጠላዋን አስተካከለች። ይቅርታ ልላት ፈልጌ አፈርኩ። ለእናንተ ግን ልናገር፤ የሳቅኩት በራሴ ነው። ጅማ ውስጥ በሶብላ የሚያስደነግጠው ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በቾ ቦሬ ካለው ግቢያችን በሩ አጠገብ ያለችውን ክፍል ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የሚያስተምሩ ህንዳዊ መምህር ተከራይተዋት ነበር። ቀጭን፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያርፍ፣ ዘነበም አልዘነበም ከጃንጥላቸው የማይለዩ ሰው ነበሩ። ከአማርኛ መጀመሪያ የያዟት ቃል «ጎረቤት» ነበረች። ስለወደዷት የሁሉም ሰው ስም አደረጓት። እናቴን «ጎረቤት፣ ደህና አደርክ?» ይሏታል። በግቢው ማዶ የሚኖሩትን ልብስ ሰፊዋን «ጎረቤት፣ ደህና ዋልክ?» ይሏቸዋል። አንድ ቀን በሬ መንገድ ቢዘጋባቸው ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው «ጎረቤት፣ እባክህ» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጾታውን ያልሳቱት ያን ቀን ብቻ ነው።

እናቴ ለበርበሬ ብላ ጓሮ የተከለችውን በሶብላ ያዩ ዕለት እንደ ልጅ ጮኹ። በአገራቸው በየቤቱ የሚተከልና የሚከበር ተክል አለ፤ ሽታው የዚህ ወንድም ነው አሉ። እናቴ አንድ ግንድ ከነሥሩ ነቅላ ሰጠቻቸው። በትልቅ የሳልሳ ቆርቆሮ ተከሉትና ክፍላቸው ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ከመደርደሪያው ሥር በመስታወት የተሸፈነ አንድ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር።

ሥዕሉን በውሃ ቀለም የሣሉት እናታቸው ነበሩ፤ መምህሩ ወደ እኛ አገር ከመምጣታቸው በፊት አርፈዋል። አንድ አካል ላይ አሥራ አንድ ፊት ነበረው። መካከለኛው ፊት ለፊት ያያል፤ አምስቱ ወደ ቀኝ፣ አምስቱ ወደ ግራ ዞረዋል። እጆቹ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ዙሪያውን ተዘርግተዋል። ከአንዳንዱ አፍ እሳት ይወጣል፤ ደረቱ ላይ ተራሮችና ወንዞች ይታያሉ።

ደጃፋቸው ላይ ቆሜ አፍጥጬ ሲያገኙኝ ታሪኩን በቀላል እንግሊዝኛ አጫወቱኝ። አንድ መስፍን ጦር ሜዳ ላይ ቆሟል። ሠረገላውን የሚነዳለት ጓደኛው ክሪሽና፣ ለካ አምላክ ራሱ ነው። «እውነተኛ መልክህን አሳየኝ» ይለዋል መስፍኑ። አሳየው። ዓለሙ ሁሉ፣ ፊቱ ሁሉ፣ ዓይኑ ሁሉ ባንዴ ተገለጠ። መስፍኑ ግን ተንቀጠቀጠ፤ «ይበቃኛል፣ ያንን የማውቀውን ፊትህን መልስልኝ» ብሎ ለመነ።

መስፍኑ ገባኝ። እኔም ሰሌዳ ላይ ውጪ በተባልኩ ቁጥር የክፍሉ ዓይን ሁሉ ሲዞርብኝ የምለምነው ያንኑ ነበር።

እናቴ ሥዕሉን ስታይ ብዙም አልገረማት። «የእኛም ኪሩቤል አራት ገጽ አላቸው» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ልብስ ሰፊዋ ግን አፋቸውን ያዙ። «ያ ረቢ! ይሄን ሁሉ እጅ! እኔ ለኢድ ልብስ ሁለቱ አልበቃኝ ብሎ እሞታለሁ።» የተባለውን በእንግሊዝኛ ስነግራቸው መምህሩ እየሳቁ «ጎረቤት፣ እውነትህን ነው!» አሏቸው።

ቡና በየደጁ በሚሰጣበት ፀሐያማ ወር፣ መምህሩ ለመኖሪያ ፈቃዳቸው ጉዳይ አንድ ሳምንት አዲስ አበባ ሄዱ። ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። «በቀን አንድ ሲኒ ውሃ። አንድ ብቻ።» ጠንቃቃ ልጅ ነበርኩ፤ ጥፋቴም የመጣው ከጥንቃቄዬ ነው። በአራተኛው ቀን ቅጠሉ ጠውልጎ ሳየው በእጄ የሚሞት መሰለኝና አንድ ጆግ ውሃ ገለበጥኩበት።

በማግስቱ በሩን ስከፍት የበሶብላ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ቆርቆሮው ሥሩ ላይ በሚስማር ተበስቶ ኖሮ ውሃው በግድግዳው ወርዶ ከመስታወቱ ኋላ ገብቷል። የግራዎቹ አምስት ፊቶች ተቀላቅለው አንድ ቡናማ ጅረት ሆነዋል።

ደፉ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ልብስ ሰፊዋ ደረሱ።

«ኢንተላ ኮ! ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?»

«አምስት ፊት» አልኳቸው።

ገብተው አዩ። «ሱብሃነላህ» አሉ። ከዚያ አንገታቸው ላይ የማይጠፋውን ሜትር እየጎተቱ፣ «የቀኞቹ ደህና ናቸው አይደል? የቀሚስ አንድ እጅጌ ሲበላሽ በሌላኛው ይለካል። ምን ያስለቅስሻል?» አሉኝ።

የፈራሁት እናቴን ነበር። ላስተካክለው ብዬ የሌላ እምነት ሥዕል መንካቴን እንዴት ታየዋለች? ስነግራት ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ማምለክ ሌላ፣ ማስተካከል ሌላ። ያበላሸሽው የሰው እናት ሥራ ነው። የአጎትሽን ብሩሽ አምጪና ተቀመጪ።»

አጎቴ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠዓሊ ነው። ያን ጊዜ ለሥራ አሰንዳቦ ከተማ ሄዶ ነበር፤ ትንንሾቹ ብሩሾቹ ግን እኛ ቤት ቀርተዋል። መሣል የቀመስኩትም ከእሱ ሥር ተቀምጬ ነው፤ ከቤት ሰው በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

ከመስታወቱ ያወጣሁት ወረቀት ሲደርቅ የትምህርት ቤት የውሃ ቀለሜን ዘርግቼ ጀመርኩ። የቀኙን እየለካሁ የግራውን አወጣሁ፦ ዘውዱን፣ ግንባሩን፣ በጎን የሚታየውን አፍንጫ። ዓይኑ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ፊቱ በጎን ስለሆነ የሚታየው አንድ ዓይን ብቻ ነው። የአጎቴ ድምፅ መጣብኝ፦ «ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ይሰጥሻል። ባንድ ዓይን፣ በጎን የሚሣለው ክፉ ነው።»

ይሁዳን የምንሥልበትን አሣሣል ለመምህሩ አምላክ እንዴት ልስጠው? ለዚያውም እናታቸው በሣሉት ላይ! በእርጥብ ጥጥ ጠርጌ ፊቱን ወደ ፊት አዞርኩት። ሁለት ትልልቅ ዓይን። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። በሁለተኛው ቀን አምስቱም ሲያልቁ አሥር የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ዓይኖች ቀጥ ብለው አፈጠጡብኝ። እኔ ራሴ ፈርቼ፣ እስኪደርቅ ሥዕሉን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

እሑድ ከሰዓት በሩ ላይ ጃንጥላው ታየ። «ጎረቤት!» በእንግሊዝኛ ያጠናሁት አራት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝ። በጣቴ ብቻ አሳየኋቸው። እናቴና ልብስ ሰፊዋ ከኋላዬ ቆመዋል።

መምህሩ ተጠጉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ፊቶቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«እነዚህ አምስቱ ወደ ጎን ያያሉ። እነዚህ አምስቱ ግን እኔን ነው የሚያዩት። ለምን?»

«ንገሪያቸው እንጂ፣ አይበሉሽ!» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

ስለ ጆጉም፣ ስለ አጎቴ ሕግም እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ይስቃሉ። ሳቁ እየቆየ ሌላ ነገር ሆነና መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «እናቴ ዓለሙን ሁሉ ሲያይ ነበር የሣለችው» አሉ። «አንቺ ዓይኑን ወደ ክፍሌ መለስሽልኝ።»

ከዚያ ብዕር አውጥተው፣ ከሥዕሉ ግርጌ በአገራቸው ፊደል አንድ መስመር ጻፉ። ምን እንደሚል ለመጠየቅ አፈርኩ። ሌላ ቀን ክፍላቸውን ላጸዳ ስገባ ፊደሉን እንደ ሥዕል አድርጌ ደብተሬ ጀርባ ላይ ገለበጥኩት። ዓመቱ ሲያልቅ ውላቸውም አለቀ። ልብስ ሰፊዋ ለሥዕሉ ከነማሰሪያው ከረጢት ሰፉለት። መምህሩ በሶብላውን ከነቆርቆሮው ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ የት እንዳሉ አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አራት ዓመት ያቺን የደብተር ቅዳጅ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። ህንዳውያን መምህራን በየኮሪደሩ ያልፋሉ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ልመረቅ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ የአንዲቱን ቢሮ አንኳኳሁ።

መምህርቷ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ቀስ ብለው አነበቡልኝ። «‹ይህን እናቴ ሣለችው። ዓይኑን የከፈተለት ግን...›» ቀና ብለው አዩኝ። «በእኛ ዘንድ ለአምላክ ምስል ዓይን መስጠት የመጨረሻው ሥራ ነው። ትልቁም እሱ ነው። ለማንም አይሰጥም።» ወደ ወረቀቱ ተመለሱና ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ይህች የመጨረሻዋ ቃል ግን የእኛ አይደለችም። ጎ... ሬ... ቤት? ምን ማለት ነው?»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብዬ የሰው ዓይን ያየሁ አይመስለኝም።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

የሳልሳው ቆርቆሮ ዝጎ ሁለቴ ተቀይሯል። በሶብላው ግን አሁንም የዚያው ዘር ነው። ጠዋት ጠዋት አጠጣዋለሁ፤ አንድ ሲኒ። አንድ ብቻ።