ራሳቸው ናቸው የመጡት

የወሰዱኝ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው፤ የሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ደወል ገና አልተደወለም። ከዳባት ደባርቅ በፒክአፕ ጀርባ፣ የጠዋቱ ጉም ፊቴን እያረጠበው ተጓዝን። ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፤ ገብስ ገብስ ይሸታል። ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡትን ሽማግሌ አየሁ። እሳቸውን እዚያ ያደረስኳቸው እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ ዳባት ውስጥ ተቃውሞ በተነሣበት ቀን መንገድ ላይ በጥይት ተመቶ ሞተ። ሽማግሌው ቫዮሊን ያስተምሩት ነበር። አዲስ አበባ አርባ ዓመት ያህል ተጫውተው፣ ጡረታ ሲወጡ ዳባት እህታቸው ዘንድ የገቡ ሰው ናቸው። ቤታቸው ሄጄ፣ ለቅሶው ላይ እንዲጫወቱለት ለመንኳቸው።

"በለቅሶ ቫዮሊን ማን ያውቃል? ሰው ይቀየመናል" አሉኝ።

ደግሜ ለመንኳቸው። መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ቆመው ሲጫወቱ ሰዉ ከየመንደሩ ጎረፈ። ለቅሶው ሲያበቃ ሰልፍ ሆነ።

"አንተንም አመጡህ?" አሉኝ ሽማግሌው ሲያዩኝ፣ ከመጋዘኑ ጥግ።

የግራ እጃቸው ጣቶች ቀኝ ክንዳቸው ላይ ሲመላለሱ ይውላሉ። ሳንቃ በር በሚባል ቦታ የፓርክ ጥበቃ ስካውት የነበረ አንድ እስረኛ አያቸውና፣

"ቁንጫ ነው አባባ?" አላቸው።

"የለም፤ ቫዮሊን ነው።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በዚያው ጨዋታው ተጀመረ።

"ቀን ቴአትር ቤት ነኝ፤ ማታ ሆቴል ጃዝ እጫወታለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ሠርግ" አሉ። "ጃዝ የጀመርሁ ሳክስፎን ነፊው ታሞ ነው። የእሱን ድርሻ በቫዮሊን ተጫወትሁት። ሲድንም እኔን አላስወጡኝም።"

"ዘፈንም ያቀናብሩ ነበር ይባላል" አልኳቸው።

"ስንቱን! ካሴቱ ላይ ፎቶው የዘፋኙ ነው። የእኔ ስም ከጀርባ በደቃቅ ፊደል፤ እሱም አንዳንዴ ተሳስቶ። ኋላ ኪቦርድ መጣና አንድ ሰው የአሥራ ሁለታችንን ሥራ ያዘ። እሱስ ይሁን። እኔን የሚቆጨኝ ማስተማሩን ዘግይቼ መጀመሬ ነው።"

በማግስቱ እኔን ጠሩኝ። መርማሪው ወጣት ነበር፤ አልመታኝም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

"ሽማግሌውን ማን ጠራው?"

ባለቤቴ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እሷን አሰብኩ። ዛሬ ሳስበው ግን ከእሷ ይልቅ ለራሴ ነበር የፈራሁት።

"ራሳቸው ናቸው የመጡት" አልኩ።

"ራሱ ነው የመጣው" ብሎ ጻፈ። ፈረምኩ።

ስመለስ "ምን አሉህ?" አሉኝ ሽማግሌው። "ምንም" አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ እሳቸውን ወሰዷቸው። ተመልሰው ጋቢያቸውን ቀስ ብለው አስተካከሉ።

"ራስህ ነህ የመጣህ ተብሏል አሉኝ።"

"እርስዎስ ምን አሉ?"

"አዎ፣ ራሴ ነኝ አልኋቸዋ።" ሌሎቹ እስረኞች ይሰሙን ነበር። "ሚስትህ ስንት ወሯ ነው?" አሉኝ።

"ስምንት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ።

በነጋታው ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ስካውቱ የአጨዳ ዜማ ጀመረ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። ሽማግሌው ተነሡና ሰዉን በሦስት ከፈሉት፤ ለእያንዳንዱ ወገን ድምፁን በጉሮሯቸው እያሰሙ አስያዙት። እኔ ጋ ሲደርሱ፣

"እኔ መዝፈን አልችልም" አልኳቸው።

"ይህችን አንዲት ድምፅ ያዝ። ከሷ እንዳትነቃነቅ። ሌሎቹ የሚቆሙት አንተ ላይ ነው።"

በትከሻዬ ያዙኝ። ያዝኩ። ያ የአጨዳ ዜማ በዚያ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሰፋ ልነግራችሁ አልችልም። ጠባቂው በሩን በዱላ መታው፤ "ዝም በሉ!" ሁላችንም ዝም አልን። እሳቸው ግን እጃቸውን አላወረዱም።

"ቀስ ብለን፤ ከመጀመሪያው" አሉ።

ደግመን ዘፈንን። በሩ አልተመታም።

በሳምንቱ እኔን ፈቱኝ። ስወጣ "ለእህቴ ደህና ነው በልልኝ" አሉኝ። ዳባት ገባሁ፤ እህታቸው ደጅ ድረስም ሄጄ ነበር። በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ። እሳቸው ሰባት ወር ቆዩ። ሲፈቱ የግራ እጃቸው ጣቶች አይታጠፉም ነበር፤ ቫዮሊን የሚማሩትን ልጆች ዜማውን በአፋቸው እያሉ ያስተምሯቸው ነበር አሉ። አንድ ቀን ገበያ ላይ ከሩቅ እጃቸውን አነሡልኝ። እኔም አንሥቼ ቸኩዬ አለፍኩ።

በተፈቱ በዓመቱ ሞቱ። ለቅሶ ስደርስ እህታቸው አጠገባቸው አስጠሩኝ።

"መምህር፣ አብረኸው ነበርህ ይላሉ። ያን ቀን ማን ነው የጠራው? ስጠይቀው 'ራሴ ነኝ የሄድሁ' ይለኛል። ወንድሜ ሳይጠሩት የሚሄድ ሰው አልነበረም።"

"እኔ ነኝ የጠራኋቸው። ለመርማሪው ግን ራሳቸው ናቸው የመጡት ብዬ ፈረምኩ።"

"ለእሱ ነግረኸዋል?"

"ያውቁ ነበር።"

"ማወቁን አይደለም የጠየቅሁህ።"

"አልነገርኳቸውም።"

አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ።

ዛሬም ዳባት አስተምራለሁ። ቂም ይዘውብኝ የሞቱ አይመስለኝም። ይቅርታ የምጠይቅበት አንድ ዓመት ሙሉ ነበረኝ፤ ቤታቸውም ከትምህርት ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።