በጓሮ በር የማይሸጠው ሱፐርማርኬታችን

ተፈረመ! ሦስተኛው ሱፐርማርኬታችን ሳሊተ ምሕረት ሊከፈት ነው! እንዴት ዋላችሁ ወዳጆቼ፣ ደስታው ሰላምታዬን አስረሳኝ።

ሸሪኬ ወንድሜ ነው፤ ቤቱም ዕቃውም ተሰናድቶ የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር፤ እሱ ካልፈረመ ቅርንጫፍ የለም። "ዘይት ሲጠፋ ለምናውቃቸው ደንበኞች በጓሮ ካልሸጥን አልፈርምም" ብሎ ከርሟል። እኔም እምቢ እንዳልኩ ከረምኩ።

በደርግ ጊዜ እናታችን የቀበሌ ሱቅ ሻጭ ነበረች። ያኔ ሰው የስኳር ወረፋውን በድንጋይ ይዞ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስት በጓሮ በር መጣች።

እማዬ "እትዬ፣ የእርስዎ ድንጋይ የትኛው ነው?" አለቻት።

"ከሥራ እንደማስባርርሽ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። ወረፋው ግን በፊት ለፊት ነው።"

እውነትም ተባረረች። ከዚያ በኋላ ቦሌ፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ የከፈተቻት ሚጢጢ ሱቅ ናት ዛሬ ሱፐርማርኬት የሆነችው።

"እማዬ በጓሮ ብትሸጥ ኖሮ እኮ ይሄ ሁሉ የለም" አልኩት ወንድሜን ዛሬ ጠዋት።

"አንቺ ደግሞ! እማዬን ካመጣሽ ምን እላለሁ?" ብሎ እየሳቀ ፈረመ። (ሲሸነፍ ሁሌም ይስቃል።)

በእናንተስ ሰፈር ለሰው ወረፋ የተሟገተ ማን ነበር? እስቲ ጻፉልኝ።

ምርቃቱ ላይ ማንም እንዳይቀር፤ የፊታችን እሁድ፣ ልክ ከቅዳሴ በኋላ!