ከሰደፉ ብረት ሥር

ደባርቅ ውስጥ አናጢ ሞልቷል፤ የጠመንጃ ሰደፍ የሚጠርብ ግን አያ ያርጋል ብቻ ቀርተዋል። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። የቄስ ልጅ ናቸው። ድቁናውን ትተው ያየህ ከሚባል ቤተ እስራኤል አንጥረኛ ዘንድ ሙያ ሊማሩ ሲገቡ፣ አባታቸው «ልጄ ሞቷል በሉ» ብለው ነበር ይባላል። ያየህ ወደ እስራኤል ሲሄድ መሮውንና አንድ ምክር ተወላቸው፤ «በሠራኸው ሁሉ ዓይን ከማይደርስበት ቦታ ምልክትህን አኑር። ሰው ባያየውም አንተ እንዳትክደው።» አያ ያርጋል በጠረቡት ሰደፍ ሁሉ፣ ከጫፉ ብረት ሥር፣ «ያ» የሚለው ፊደልና ዓመቱ ተቀርጿል።

ባለፈው ጥቅምት በለጠች የሟች አባቷን የሃብተ ጊዮርጊስን ውጅግራ ጠመንጃ በነጠላ ጠቅልላ ከዳባት መጣች። ጠመንጃው ቅርስ ነው ከተባለ ቤቷ ይቀመጣል፤ ካልተባለ ለመንግሥት ታስረክባለች። ይህን የምትወስነው ምሥራቅ የምትባል ከጎንደር የመጣች የቅርስ ባለሙያ ናት። መፍቻ ስለሚያስፈልጋት ምርመራው አያ ያርጋል ደጅ ሆነ።

«ቁጥሩ ይኸው፤ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ አራት» አለች በለጠች። «ያኔ ማን ነበር የነገሠው?»

ምሥራቅ በማጉያ መነጽር እያየች ፈገግ አለች። «እትዬ፣ ይሄ የፈረንጅ ዘመን ነው። እሱም ቢሆን የሞዴሉ ዓመት ነው። የተሠራበት እዚህ ጎኑ ላይ አለ፤ ሰባ ስምንት።»

«አርጅቷላ!»

«ብረቱስ አርጅቷል። እንጨቱም አብሮት የመጣ ከሆነ ቅርስ ብዬ እጽፋለሁ። የፋብሪካው ክብ ማኅተም ሊኖረው ይገባ ነበር፤ ጠፍቷል።»

«ማኅተሙ ቢጠፋስ! የአባቴ ጉንጭ ያረፈበት፣ እናቴ እስክትሞት በየሙት ዓመቱ ስትስመው የኖረችው እንጨት ነው።»

«እስቲ አባባ፣ የሰደፉን ብረት ይፍቱልኝ። ከሥሩ ምልክት ይኖር ይሆናል» አለች ምሥራቅ።

አያ ያርጋል ካቻቢቴውን አነሡ፤ ግን አላዞሩትም። ሃብተ ጊዮርጊስ በደርግ ጊዜ ጠመንጃውን ጉድጓድ ውስጥ እንደ ቀበረ ነበር የሞተው። ደርግ ሲወድቅ ድረስ የሚባል ታላቅ ልጁ ሲያወጣው እንጨቱ በስብሶ አገኘው። «እናቴ ይህን ካየች ሁለተኛ ሐዘን ነው» ብሎ እንጨቱን እንዲተኩና ለማንም እንዳይናገሩ አያ ያርጋልን ቃል አስገባ። እሳቸውም ወይራ ጠርበው፣ በጢስ አጥነው፣ ቅቤ አጠጥተው የጥንቱን አስመሰሉት። ድረስም ሞቷል። አሁን «ብሎኑ ዝጓል፣ አይፈታም» ቢሉ ማን ይጠረጥራል?

«ሳልፈታው ልናገር» አሉ። «ይህን እንጨት የጠረብሁት እኔ ነኝ።»

«ይቀልዱብኛል፣ አያ ያርጋል?» አለች በለጠች።

ፈቱት። ከብረቱ ሥር «ያ ፹፬» ይላል።

በለጠች ፊደሉን በጣቷ ዳሰሰችው። «እናቴ ስትስመው እያዩ ዝም አሉ?»

«ዝም አልሁ። ለወንድምሽ ቃል ገብቼ ነበር። ሐሰት መዝገብ ላይ ሲጻፍ እያየሁ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።»

ምሥራቅ «ሰደፉ ተለውጧል፤ ቅርስ አይደለም» ብላ ጻፈች። በለጠች ሳትሰናበት ሄደች።

ወሬው ገበያ ደረሰ። «ምን ነበረበት ዝም ቢሉ? ክህነቱ ዛሬ መጣብዎት?» ይሏቸው ጀመር። አያ ያርጋል ሥራ አቆሙ።

ለኅዳር ሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው በለጠች ጠመንጃውን ይዛ ተመለሰች። በማግሥቱ ልታስረክብ ነው።

«የሚፈልጉት ብረቱን ነው፤ ጠይቄያለሁ። እንጨቱን ይለዩልኝ።»

«በለጡ፣ የአባትሽ አይደለም እኮ።»

«የእናቴ ነው። የሳመችው ይሄንን ነው።»

አያ ያርጋል ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈቱ። በለጠች የጠመንጃውን ብረት ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተተችው፤ እንጨቱን በነጠላዋ ልትጠቀልል ስትል እሳቸው የሰደፉን ብረት ሊመልሱበት እጃቸውን ዘረጉ።

«ይተዉት» አለቻቸው። «ፊደሉ ይታይ።»